አልታዬ ከእግር ትጀምራለች

አልታዬን የማያውቋት ሰዎች ቁጡ ናት ይላሉ። የሚያውቋትም እንደዚያው ይላሉ። እኔ አብሮ አደጓ ነኝና ቃሌ ከሁሉም ይበልጣል፤ አዎ፣ ቁጡ ናት። ግን ቁጣዋ ቦታ ያውቃል። እርጉዝ ሴት ተቆጥታ አታውቅም። የእርጉዟን ባል ትቆጣለች፣ አማቷን ትቆጣለች፣ በር ሳያንኳኳ የሚገባውን ትቆጣለች፣ መብራት ሲጠፋባት ደግሞ ወደ ጣሪያ አንጋጣ አምፖሉን ትቆጣለች። ሴቲቱን ግን «አብሽሪ፣ ሆድሽ ላይ የምቀባሽ ነገር ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በቀር የሚያምሽ የለም» ብላ ነው የምትቀበላት።

መካነ ሰላም ከተማ ባለው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት፤ እርጉዞችን በአልትራሳውንድ የምታየውም እሷ ናት። እኔ የኔአለም እባላለሁ። ከከተማው በላይ ባለች አንዲት ደጋ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። እርጉዞችን ቤት ለቤት እየዞርኩ እከታተላለሁ፤ የሚያሳስብ ነገር ያየሁባትን ይዣት እወርዳለሁ። ስለዚህ አልታዬ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ስለ እሷ ስናገር በወሬ አይደለም።

ሌሎች ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከጽንሱ ራስ ነው። እሷ ከእግር ትጀምራለች። መጀመሪያ እግሩን ትፈልጋለች፤ ስታገኘው ስክሪኑን ወደ እናትየው አዙራ ታሳያታለች። የጭኑን አጥንት ትለካለች። ከዚያ ወደ ሆዱ፣ ወደ ልቡ፣ ወደ እጁ ትወጣለች። ጭንቅላቱ ጋ የምትደርሰው በመጨረሻ ነው። ደሴ ላይ ያስተማራት ዶክተር ንጉሡ «አንቺ ሰው ላይ እንደ ጉንዳን ነው የምትወጪው» እያለ ያሾፍባታል። እሷ ምን ገዷት።

ልማዱን ያመጣችው ከጂዳ ነው። አስረኛ ክፍል እንደጨረስን እኔ ለሥልጠና ሄድኩ፣ እሷ ዐረብ አገር ሄደች። ያን ጊዜ ከእኛ አገር ያልሄደ ሰው ቢኖር ፓስፖርቱን የሚጠብቅ ብቻ ነበር። በገባችበት ቤት ሙሐሲን የሚባል አዲስ የተወለደ ልጅ ነበር። ሙሐሲን ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተቋጥሮበት ነው የተወለደው። የአንጎል ውሃ ሁላችንም አለን፤ እየመነጨ፣ እየወረደ ይኖራል። የሙሐሲን ግን መውረጃው ተዘግቶ ስለነበር ውሃው ተጠራቅሞ ጭንቅላቱን አሳበጠው። ሐኪሞች ከራሱ እስከ ሆዱ በቆዳው ሥር ቀጭን ቱቦ አስገቡለትና ውሃው በዚያ መውረድ ጀመረ። ልጁ ተረፈ፤ ራሱ ግን ከባድ እንደሆነ ቀረ። አንገቱ አልችል ስላለ አልታዬ መዳፏን ማጅራቱ ሥር አድርጋ ለዓመታት ተሸከመችው።

ዘመድ ሊጠይቅ ይመጣል። ጭንቅላቱን ያያል፣ ይደነግጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። «የልጁን እግር ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ» ትለኛለች እስከ ዛሬ ስታወራ፣ አሁንም እየተናደደች። ስታጥበው ውስጥ እግሩን ነካ ስታደርገው ተንፈራፍሮ ይስቅ ነበር አሉ። ዐረብኛም ያስተማራት እሱ ነው፤ እሱ አፉን ሲፈታ እሷም አብራ ፈታች። ዛሬ ሙሐሲን ጎረምሳ ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ትምህርቱን ይማራል፣ በስልክ የድምፅ መልእክት እየላከ ዐረብኛሽ ዛገ ብሎ ይሰድባታል። ስድቡን ስትሰማ ፊቷን ብታዩት ቁጡ ናት ያልኳችሁን አታምኑኝም።

ከሳውዲ ተመላሾች ጋር ወደ አገሯ ስትገባ እናቷ ሱቅ እንድትከፍት ፈለጉ። እሷ ደሴ ሄዳ አዋላጅነት ተማረች። ሆስፒታሉ አልትራሳውንድ ሲያስገባ አጭሩን ሥልጠና ወሰደች። ሥልጠናው የልብ ምቱ አለ ወይ፣ ጽንሱ አንድ ነው ወይስ ሁለት፣ እንግዴ ልጁ የት ተቀምጧል የሚለውን ለማየት ነበር። ለእሷ አልበቃትም፤ አንጎሉን ማየት ፈለገች። የዓመት ፈቃዷን ሁሉ ደሴ፣ ዶክተር ንጉሡ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ቆማ ጨረሰችው። እሱም መጀመሪያ አባረራት፣ ቀጥሎ ታገሣት፣ በመጨረሻ ወንበር ሰጣት። አሁን የሚያጠራጥር ነገር ስታይ ምስሉን በስልክ ትልክለታለች፤ ዘግይቶ ከመለሰ እሱንም ትቆጣዋለች።

አልታዬ ማን እንደሆነች በደንብ እንድታውቋት ግን ያለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ።

እኔ በምሠራበት ቀበሌ አስቻለች የምትባል ልጅ አለች። ባሏ ዋለ ገበሬ ነው፤ አማቷ እትዬ የትምወርቅ ይባላሉ። በዚያ ቤት ዋለ በሬዎቹን ያዛል፣ እትዬ የትምወርቅ ዋለን ያዛሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አስቻለች የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አራጋው አሉት። እንደ ሙሐሲን ራሱ ውሃ የቋጠረ ነበር። ሐኪም ጋ እንውሰደው ብዬ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አልሆነም። ሰው እንዳያየው ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ከረመና ጥርስ ሳያበቅል ሞተ።

እትዬ የትምወርቅ ጥፋቱን እኔ ላይ ጣሉት። አስቻለች እርጉዝ ሳለች ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር «አሁን አራት ወር ሆነሽ፣ አሁን አምስት ገባሽ» እያልኩ ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር። ቁጥሬ ዓይን ሆኖ ልጁን በላው አሉ። እንግዲህ ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ዝም ግን አላሉኝም። በሰው በኩል ይናገሩኛል። እኔ በሩ ሥር ቆሜ «አስቻለች፣ ለዚያች ልጅ ንገሪያት፣ በሩን ትዝጋ፣ ብርድ ገባ» ይላሉ። አስቻለችም ልክ ከሩቅ የመጣ መልእክት እንደምታደርስ ሰው ዞር ብላ ትነግረኛለች። አንዳንዴ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

አስቻለች ሁለተኛ ስትፀንስ እትዬ የትምወርቅ በጋቢና በነጠላ ሸፈኗት። ሆዷን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። ስንት ወሯ ነው ስል፣ በአስቻለች በኩል፣ ጥር ላይ አምስት ወር ነው ተባልኩ። በዚያው ሰሞን አስቻለችና አማቷ ለገበያ በወረዱበት ከተማ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ገቡ። ሐኪሙ ስንት ወርሽ ነው አለ፤ አምስት አሉት። በአልትራሳውንድ ራሱን ለካው። ለአምስት ወር ከሚገባው እጅግ ይበልጣል፤ ውሃ ሊሆን ስለሚችል አንጎሉን በደንብ የሚያይ ሰው ጋ ሂዱ ብሎ ወረቀት ጻፈላቸው። ሰውየው በነገሩት ልክ ነው የሠራው፤ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር።

በማግስቱ አስቻለች ብቻዋን ጤና ኬላ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ እህል ከቀመሰች ቆይታለች።

«እትዬ የኔአለም፣» አለችኝ፣ «እንደ አራጋው ከሆነ ወደዚያ ቤት አልመለስም።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ልጄን ከሚደብቁበት ቤት አልመለስም። ደግሜ አልችልም።»

እኔም ደነገጥኩ። የልጁ ሕመም ብቻ ቢሆን መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ደሴ አለ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ አለ። ይህች ልጅ ግን ቤቷንም ትዳሯንም ጥላ ለመውጣት ወስናለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ምን እንደሚገጥመው ከመታወቁ በፊት። አልታዬ ጋ ደወልኩ። «ነገ አምጫት» አለች። «ምን አግኝተው ነው?» አለች። የአራጋውንም ጨምሬ ነገርኳት። «ምን እንዳለ እናያለን። ሳላየው አታስለቅሷት» ብላ ዘጋችብኝ።

እትዬ የትምወርቅ እኔም እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። ማን ይመልሳቸዋል? ሚኒባሱ ውስጥ ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ተጣበብን፤ እሳቸው መሐል ሆኑ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ላይ ስንዘል እላያቸው ላይ ወደቅሁ። «አስቻለች፣ ለዚያች ልጅ ንገሪያት፣ ክርኗ ጎኔን ወጋኝ» አሉ። አስቻለች ግን የዚያን ቀን መልእክት የምታደርስበት አቅም አልነበራትም። መስኮቱን ብቻ ታያለች። እኔ ክርኔን ሰበሰብኩ።

አልታዬ የክሊኒኩን ወረቀት አነበበችና ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። አስቻለችን አስተኛቻት፣ «አብሽሪ» አለቻት፣ ሆዷን ቀባቻት። እትዬ የትምወርቅ ከግድግዳው ተጠግተው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆሙ።

እንደ ልማዷ ከእግር ጀመረች። ግራጫው ምስል ላይ ትንሽ ተረከዝ፣ ቀጥሎ ጣቶች ብቅ አሉ።

«ይኸው እግሩ። ጣቶቹ አምስት መሆናቸውን ቁጠሪያቸው እስቲ።»

«አይቆጠርም!» አሉ እትዬ የትምወርቅ ከግድግዳው።

አልታዬ ዞር ብላ አየቻቸው። እኔ ቁጣው ሊጀመር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። የጭኑን አጥንት ለካች። ቁጥሩን አየችው። ደግማ ለካች። ያኔ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ አብሮ አደግ ነኝና አወቅሁት፤ ነገሩ ገብቷታል። ግን አፏን ለጉማ ወደ ሆዱ ወጣች፣ ለካች፤ ልቡን አየች፤ ወደ እጁ መጣች። እጁ ተጨብጦ ነበር። ትንሽ ጠበቅነው። ተከፈተ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፣ እንደገና ተጨበጡ።

«አየሽው?» አለች አልታዬ። «እጅ ብቻውን አይከፈትም። ክፈት ብሎ የሚያዘው አንጎሉ ነው። ትእዛዙ እየደረሰ ነው ማለት ነው።»

አስቻለች አየች። ጭንቅላቱ ጋ ሲደርሱ ግን ዓይኗን ጨፈነች።

«ክፈቺ።»

«አልችልም።»

«አስቻለች፣ የሚያስፈራ ነገር ባይ መጀመሪያ የምነግርሽ ለአንቺ ነው፤ ማንንም ደብቄ አላውቅም፣ አንቺንም አልደብቅሽም። ክፈቺና አብረን እንየው።»

ከፈተች። አልታዬ በጣቷ እያሳየች ቀስ ብላ አስረዳቻት። አንጎሉን ግራና ቀኝ የሚከፍለው መስመር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ውሃው የሚቀመጥባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ሁለቱም ጠባብ ናቸው። ውሃ ቢቋጠር ኖሮ እነዚህ ሰፍተው አንጎሉን ወደ ዳር ይገፉት ነበር። ከኋላ በኩል ትንሹ አንጎል እንደ ሁለት የባቄላ ፍሬ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እየለካች፣ እየተናገረች፣ ምስሉን እያስቀረች ሄደች። በዚህ መሐል ልጁ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ዋጠ፤ እኔ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ አልታዬ እጇን አነሣችና ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች።

«ራሱ ትልቅ ነው የተባለው እውነት ነው። ለአምስት ወር ትልቅ ነው። ጭኑም ለአምስት ወር ረጅም ነው፣ ሆዱም ትልቅ ነው። ውሃ ጭንቅላት ያሳብጣል እንጂ ጭን አያስረዝምም። ይሄ ልጅ ከእግሩ እስከ ራሱ የሰባት ወር ልጅ ነው። አስቻለች፣ ስንት ወርሽ ነው?»

አስቻለች ወደ አማቷ አየች።

«አምስት» አሉ እትዬ የትምወርቅ።

«የጠየቅኋት እሷን ነው እማማ።»

«በማርያም አስምለውኛል» አለች አስቻለች በቀስታ፣ እንባዋም ወረደ።

ነገሩ ያኔ ለሁላችንም ግልጥ ሆነ። በአንዳንድ ቤት የእርጉዝ ወር አይቆጠርም፤ የግድ ቢቆጠር እንኳ ተቀንሶ ነው፣ ክፉ ነገር ቀኑን አውቆ እንዳይጠብቅ። እትዬ የትምወርቅ ይህን ልጅ ከእኔ ቁጥር ሊያድኑት ሁለት ወር ደብቀውለት ነበር። የደበቁት ሁለት ወር ደግሞ ዞሮ ደህናውን ልጅ በሽተኛ አስመሰለው። አስቻለችም የክሊኒኩ ሐኪም ራሱን ትልቅ ያለው በዚያ ቁጥር መዝኖ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

አልታዬ አስረዳቻቸው። አምስት ብላችሁ ከሄዳችሁ ምጧ በመጣ ጊዜ ገና ሁለት ወር ይቀራታል ብላችሁ ደጋ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደግሞ የራሱ እድገት ልክ መሆኑን የምከታተለው በእውነተኛው ወር ነው፤ ወሩ ውሸት ከሆነ የምለካውም ሁሉ ውሸት ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? አለች። እትዬ የትምወርቅ ከንፈራቸውን ገጥመው ግድግዳውን ያያሉ። ለእሳቸው ወሩን ጮክ ብሎ መናገር ልጁን አውጥቶ ደጅ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ አልታዬ እንድትቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው በኩል ሲሰድቡኝ ኖረው፣ አሁን አንድ ሰው ልክ ልካቸውን ቢነግርልኝ ምን ነበረበት? የአልታዬም ጆሮ ግንድ ሲቀላ አይቻለሁ። ተነሣች፤ ጨርቅ አምጥታ የአስቻለችን ሆድ ጠረገችላት፣ ቀና ብላ እንድትቀመጥ ረዳቻት። ከዚያ ሌላ ወንበር ስባ ለእትዬ የትምወርቅ አቀረበችላቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ያ የፊተኛው ልጅ እግሩ እንዴት ነበር?»

እትዬ የትምወርቅ ግራ ገባቸው። «እግሩ?»

«እግሩ አዎ።»

ነጠላቸው ከአፋቸው ላይ ወረደ።

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። «የዋለ እግር ነበር፤ ቁርጥ የአባቱ። ትንሿ ጣቱ ከጎኗ ባለችው ላይ ወጣ ያለች። የማጥበው እኔ ነኝ፤ እሷን አላስነካትም ነበር፣ አራስ ናት ብዬ። ቅቤ ስቀባው ደስ ይለዋል፣ ጣቶቹን እንዲህ ዘርጋ ዘርጋ ያደርጋቸዋል።» በእጃቸው አሳዩን። «ይስቅ ነበር እኮ። እኔን ሲያይ ይስቅ ነበር።»

አስቻለች አማቷን አፍጥጣ አየቻቸው። ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ስለ ልጁ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም።

አልታዬ ስለ ሙሐሲን ነገረቻቸው። አላስረዘመችውም፤ ውሃው የሚወርድበት ቱቦ የገባለት እንዲህ ያለ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አሁን ከእኔ ይረዝማል፣ ምላሱም ከእኔ ይብሳል አለቻቸው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አይቁጠሩልኝ። ወሩንም በስሙ አይጥሩት። እርሻው ላይ ምን ሲሠራ ነው የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው?»

እትዬ የትምወርቅ አሰቡ። በሩን አዩት፤ ተዘግቷል። ወደ አልታዬ ጎንበስ አሉ።

«የበልጉ ገብስ ሊታጨድ ሲል» አሉ በሹክሹክታ።

ሁለታችንም የገበሬ ልጆች ነን። የበልግ ገብስ እኛ ዘንድ የሚታጨደው ሰኔ ሲያልቅ ነው። አልታዬ አየችኝ፣ አየኋት፤ ማንም ቁጥር አልጠራም። ጭኑም፣ ሆዱም፣ ራሱም ልክ ናቸው። አስቻለች ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ጠረግሁ፤ በእንባዬም አላፈርኩም።

አልታዬ ምስሎቹን ለዶክተር ንጉሡ ላከች። መልሱ ሲመጣ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ እሱም ያየው እሷ ያየችውን ነው። ቢሆንም ያለ ልክ ተስፋ መስጠት አትወድም። «ይሄ መሣሪያ የሚያየው የአንጎሉን ቤት ነው» አለቻት አስቻለችን። «ቤቱ ደህና ተሠርቷል፣ በሮቹም ክፍት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ወደፊት የሚኖረውን አያይም፤ ያንን እኔም አላውቅም፣ የማንንም ልጅ ቢሆን። ከወር በኋላ ተመለሺና እድገቱን እንየው። መጋቢት ሲጋመስ ደግሞ እዚሁ የእናቶች ማቆያ ትገቢያለሽ። ምሳሽን አሁን ትበያለሽ።» የመጨረሻውን የተናገረችው በቁጣ ነው።

ልንወጣ ስንል እትዬ የትምወርቅ በሩ ላይ ቆሙ።

«ቱቦ ያልሽው… ለአራጋው ቢገባለት ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን የእግዜር ፈቃድ ነው ብሎ ያልፈዋል። አልታዬ አላለፈችውም። «ይተርፍ ነበር ይሆናል። በእርግጠኝነት አላውቅም። እንደ እሱ ያሉ የተረፉ ብዙ ናቸው።»

«ያመጣበትስ ምንድን ነው? ዓይን አይደለም?»

«አይደለም እማማ። የውሃው መውረጃ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ሲሠራ ሳይከፈት የቀረ ይመስለኛል። እንዲህ የሚያደርግ ዓይን የለም። ቁጥርም የለም።»

እትዬ የትምወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ።

አስቻለች ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብታ ዳቦ በሻይ በላች፤ ደግማ አዘዘች። እኔና እትዬ የትምወርቅ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሚኒባስ እየጠበቅን ተቀመጥን።

«የኔአለም» አሉ።

ዞር ብዬ አስቻለችን ፈለግሁ። መልእክት የሚሰዱባት መስሎኝ ነበር። አስቻለች የለችም።

«አራጋው የሞተ ዕለት ልቅሶ ልትደርሺ መጥተሽ ከደጅ መለስኩሽ።»

«አዎ፣ መለሱኝ።»

«ሌላውንም ሰው መለስኩ። ማንም አላለቀሰለትም። እሷም እንዳታለቅስ ከለከልኳት፤ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል አልኳት።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ነገ ነይ። ልቅሶ ድረሺኝ።»

በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ። አልታዬም ነግሬያት ስለነበር፣ ተረኛም ስላልነበረች በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ መጥታ ነበር፤ ነጠላዋን እንደ እኔ አዘቅዝቃለች፤ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። እትዬ የትምወርቅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ስንደርስ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አራጋውዬ! ልጄን!» ብለው ጮኹ። አስቻለች ከውስጥ ወጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ድምፅ አውጥታ ለልጇ አለቀሰች። አልታዬ ያላየችውን ልጅ ከሁላችን አብልጣ አለቀሰችው። ጎረቤቱ ምን ደረሰባችሁ እያለ ከየቤቱ እየሮጠ መጣ። ማን እንደሞተ ሲነገረው፣ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።